ራሱን የሚሸከም ሰፊ የብረት በር፦ ስለ ምሰሶ፣ ስለ ማጠፊያና ስለ ክብደት

በፋኩልቲው የሕዝብ ሌክቸር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



የዛሬው ርዕስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁ አይቀርም። በዚህ መድረክ ስለ ድልድይና ስለ ተርባይን ሲነገር መስማት የተለመደ ነው፤ የግቢ በር ግን የበያጅ ቤት ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። እኔም የመረጥኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ በአዲስ አበባ በማናቸውም ሰፈር ግማሽ ሰዓት ብትራመዱ፣ ጫፉ ወርዶ ኮብልስቶኑ ላይ የቅስት ጭረት የተወ በር፣ ከጫፉ ሥር በኋላ የተበየደ ጎማ ያለው በር፣ ዘበኛው በትከሻቸው ከፍ ካላደረጉት መቀርቀሪያው የማይገባ በር ሳታዩ አትመለሱም። ሁሉም የያዛቸው ሕመም አንድ ነው፤ ምንጩንም በአንደኛ ዓመት የስታቲክስ ትምህርት ማግኘት ይቻላል።

ጉዳዩ የመልክ ብቻ አይደለም። አሁን የምናሰላው መዝጊያ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ይህን ያህል ብረት ከማጠፊያው ቢወጣ የሚወድቀው በሥሩ ባለው ሰው ላይ ነው፤ በሥሩ የሚገኙት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚከፍቱትና የሚዘጉት ዘበኛ፣ አለዚያም ጫፉ ላይ ተንጠላጥለው የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። የሕንፃውን ወለል የሚያሰላ መሐንዲስ አለ፤ ጣሪያውንም የሚያሰላ አለ። በየቀኑ የሚንቀሳቀሰውን ይህን ከባድ አካል ግን የሚያሰላው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የለም። በሥራ ዝርዝሩ ላይ «የብረት በር፣ ይህን ያህል ካሬ» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል።

በቃላት አጠቃቀም እንስማማ። በአማርኛ «በር» ስንል መግቢያ ክፍተቱንም የሚዘጋውንም አካል ማለታችን ነው። ለሚንቀሳቀሰው ክፍል «መዝጊያ» የሚል ጥሩ ቃል ስላለን ዛሬ በእርሱ እጠቀማለሁ። «ራሱን የሚሸከም» የምለው ደግሞ ከጫፉ ሥር ጎማ የሌለው፣ ከላይም በገመድ ያልተንጠለጠለ፣ ክብደቱን በሙሉ በአንድ ጎኑ ላይ ባሉት ማጠፊያዎች በኩል ለምሰሶው የሚያስረክብ መዝጊያ ነው።

ምሳሌያችን የጭነት መኪና የሚገባበት የ8 ሜትር መግቢያ ይሁን። ሁለት መዝጊያዎች አሉት፤ እያንዳንዱ 4 ሜትር ስፋትና 2.2 ሜትር ቁመት አለው። ፍሬሙ 80 በ40 በ3 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ነው። ዙሪያውን፣ አንድ አግድምና ሁለት ቋሚ የውስጥ ብረቶችን ስንደምር ወደ 21 ሜትር ይደርሳል፤ በሜትር 5.2 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን 108 ኪሎ እንያዝለት። የሚሸፍነው 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር 11.8 ኪሎ ነው፤ ለ8.8 ካሬ ሜትር ወደ 104 ኪሎ ይሆናል። ቁልፍ፣ መቀርቀሪያና ጥቂት ጌጥ ሲጨመር 230 ኪሎ፣ ማለትም 2.3 ኪሎ ኒውተን ገደማ እናገኛለን።

የክብደቱ ማዕከል ከማጠፊያው 2 ሜትር ይርቃል። ስለዚህ ምሰሶው የሚቀበለው ሞመንት 4.5 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው። ይህን ሞመንት ሁለቱ ማጠፊያዎች በጥንድ አግድም ኃይል ይይዙታል፦ የላይኛው ምሰሶውን ወደ መግቢያው ይስበዋል፣ የታችኛው ወደ ውጭ ይገፋዋል። በማጠፊያዎቹ መካከል 1.8 ሜትር ካለ እያንዳንዱ ኃይል 2.5 ኪሎ ኒውተን ነው። ሠሪው ለመልክ ብሎ ማጠፊያዎቹን አቀራርቦ 1.2 ሜትር ቢያደርጋቸው ወደ 3.8 ያድጋል። ምንም ተጨማሪ ወጪ ሳይጠይቅ የሚገኝ ጥቅም ቢኖር ማጠፊያዎችን ማራራቅ ነው፤ ሆኖም በየመንገዱ የማየው የዚህን ተቃራኒ ነው።

አሁን ስፋቱን ወደ 6 ሜትር እናሳድግ። አሠራሩ ሳይለወጥ ክብደቱ አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል፤ የክብደቱ ማዕከልም አንድ ተኩል እጥፍ ይርቃል። ሞመንቱ 10 ኪሎ ኒውተን ሜትር ገደማ ደረሰ፣ ይኸውም ከቀድሞው 2.25 እጥፍ ማለት ነው። ስፋት በካሬው ዋጋ ያስከፍላል። በጫፉ ላይ 70 ኪሎ የሚመዝን ጎረምሳ ቢንጠለጠል ደግሞ በ4 ሜትሩ መዝጊያ ላይ ብቻ 2.7 ኪሎ ኒውተን ሜትር ይጨምራል፤ ከመዝጊያው ከራሱ ሞመንት ከግማሽ በላይ ነው። ሰው የማይንጠለጠልበት በር በአገራችን ስለሌለ ይህን ጭነት ከስሌት ውጭ ማድረግ አይገባም።

መዝጊያው የሚወርደው ታዲያ ለምንድን ነው? ብዙ ሰው የሚመልሰው «ፍሬሙ ስለሳሳ» ብሎ ነው፤ መድኃኒቱም ተጨማሪ ብረት ይሆናል። መልሱን በቁጥር እንፈትሽ። ላሜራው ዙሪያውን ከፍሬሙ ጋር በሚገባ ከተበየደ፣ መዝጊያው በራሱ ክብደት የሚዘነበልበት መጠን ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 2.2 ሜትር ቁመት ያለው ወጥ ቆርቆሮ በራሱ ገጽ ውስጥ እጅግ ግትር ስለሆነ ሰያፍ ብረት እንኳ አይፈልግም። (ላሜራ የሌለው የዘንግ በር ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ሰያፍ የግድ ነው። ቀጭን ዘንግ ከሆነም ከላይኛው ማጠፊያ ጥግ ተነሥቶ ወደ ታችኛው ነፃ ጫፍ መውረድ አለበት፤ ያን ጊዜ ይወጠራል። በተቃራኒው ቢተከል ይጨመቅና ይጎብጣል። በፈተና ላይ ይህን ጥያቄ ከጠየቅኋቸው ግማሾቹ ተሳስተዋል፤ ዛሬ የሰማችሁ ምክንያት የላችሁም።)

እንግዲህ መዝጊያው ካልታጠፈ የሚታጠፈው ሌላ ነገር ነው። ምሰሶውን እንመልከት። 80 በ80 በ4 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ምሰሶ ብንወስድ፣ በ4.5 ኪሎ ኒውተን ሜትር ሞመንት የሚፈጠርበት ውጥረት 155 ሜጋ ፓስካል ገደማ ነው። ተራ ብረት ተጣምሞ የሚቀረው 235 ላይ ስለሆነ ምሰሶው አይሰበርም፤ የጥንካሬ ፈተናውን አልፏል። ነገር ግን ምሰሶው ሲጎብጥ የሁለቱ ማጠፊያዎች መስመር ከቱንቢው 0.015 ሬዲያን ያህል ያዘነብላል። ይህ አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። በ4 ሜትር ሲባዛ ግን ጫፉ 6 ሴንቲ ሜትር ወርዷል ማለት ነው። ምሰሶውን 120 በ120 በ5 ብናደርገው ይህ መጠን ወደ 14 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል፤ 150 በ150 በ5 ብናደርገው ወደ 7 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ለሁለት ምሰሶዎች የሚጨመረው ብረት በመዝጊያዎቹ ላይ ለጌጥ ከሚባክነው አይበልጥም።

ጥንካሬና ግትርነት የተለያዩ መሆናቸውን በክፍል ውስጥ ደጋግመን እንናገራለን። ልዩነቱን ከዚህ አብልጦ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም፦ በጥንካሬ ያለፈ ምሰሶ በግትርነት ወደቀ፤ ወቀሳውን የተቀበለው ግን መዝጊያው ነው። ከዚያም በያጁ ተጠርቶ በመዝጊያው ጫፍ ላይ ማጠናከሪያ ብረት ይጨምራል። ጫፉ ላይ የተጨመረ እያንዳንዱ ኪሎ በ4 ሜትር ክንድ ሞመንት ይጨምራልና ምሰሶው ይበልጥ ይጎብጣል፤ ጫፉም ይበልጥ ይወርዳል። ቀጣዩ እርምጃ ጎማ ነው።

ስለ ጎማው ጥቂት ልበል። ጎማ የሚሠራው መሬቱ እንደ ጠረጴዛ ሲስተካከል ነው። የግቢዎቻችን መግቢያ ግን ለጎርፍ ሲባል ያዘነበለ ነው፤ ኮብልስቶኑም ከክረምት ወደ ክረምት ይሰምጣል፣ ይነሣል። ጎማው ከፍ ባለ ቦታ ሲያልፍ መዝጊያውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ማጠፊያዎቹም በዲዛይናቸው ያልታሰበ ጠምዛዥ ኃይል ይደርስባቸዋል። ጎማ የገባለት መዝጊያ ማጠፊያው ቶሎ ሲበላ የምናየው ለዚህ ነው።

የአርማታ ምሰሶ ከብረቱ እጅግ ይሻላል። 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ያልተሰነጠቀ የኮንክሪት ምሰሶ ግትርነቱ ከ120 በ120ው የብረት ምሰሶ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ዋናው ቁም ነገር «ያልተሰነጠቀ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ኮንክሪቱ በመሳብ የሚችለውን 2 ሜጋ ፓስካል ብለን ብንወስድ ምሰሶው የሚሰነጠቀው 9 ኪሎ ኒውተን ሜትር ላይ ነው። የ4 ሜትሩን መዝጊያ ሳይሰነጠቅ ይሸከማል፤ የ6 ሜትሩ ግን ይሰነጥቀዋል። አንድ ጊዜ ከተሰነጠቀ በኋላ ግትርነቱ ክፉኛ ይወርዳል፣ ውሃ ወደ ፌሮው ይገባል። በድንጋይ ወይም በብሎኬት የተገነባ ምሰሶ ደግሞ መሳብን ጨርሶ አይወድም፤ የላይኛው ማጠፊያ ደግሞ ሥራው ሁሉ መሳብ ነው። ማጠፊያውን የያዘው ጠፍጣፋ ብረት ከሞርታሩ ጋር ተነቅሎ የወጣባቸው ምሰሶዎች ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ቀመር አያሻውም።

ከምሰሶው በታች መሠረቱ አለ። የተለመደው 40 በ40 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ በኮንክሪት ቢሞላ የሚመዝነው 2.3 ኪሎ ኒውተን ነው፤ በራሱ ክብደት የሚቋቋመው ሞመንት 0.5 ኪሎ ኒውተን ሜትር አይሞላም። ከሚያስፈልገው አንድ ዘጠነኛ ገደማ ነው። ቀሪውን የሚሸከመው የጎን አፈር ነው። አፈሩ መረሬ ከሆነ ደግሞ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ከኮንክሪቱም ይለያል። በቦሌና በአቃቂ አካባቢ በመስከረም የሚገጥም መቀርቀሪያ በሚያዝያ የማይገጥምበት ምክንያት ከዚህ ይመነጫል።

ለዚህ የምመክረው መፍትሔ ሁለቱን ምሰሶዎች በመኪናው መንገድ ሥር በሚያልፍ የአርማታ ወጋግራ ማያያዝ ነው። መዝጊያዎቹ ተዘግተው ሳሉ የግራው ምሰሶ ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ ይዘነበላል፤ ወጋግራው ሁለቱን ሞመንቶች እርስ በርስ ያጣፋቸዋል። አፈሩ ዕረፍት ያገኛል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ፦ መዝጊያው 90 ዲግሪ ሲከፈት ሞመንቱም አብሮት ይዞራል። አሁን ምሰሶው የሚዘነበለው ወደ ግቢው ውስጥ ነው፤ የመንገዱ ወጋግራም በዚህ አቅጣጫ ብዙም አይረዳም። መዝጊያው ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ የሚውልበት መጋዘን ወይም ፋብሪካ ከሆነ የመሠረቱ ረጅም ጎን ወደ ውስጥ መዘርጋት አለበት። 80 በ80 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ መሠረት በክብደቱ ብቻ 6 ኪሎ ኒውተን ሜትር ይቋቋማል፤ ለ4 ሜትሩ መዝጊያ ከዚህ ባነሰ አልጀምርም።

እዚህ ላይ ወደ ጉዳዩ እምብርት ደርሰናል። መሠረቱንና ምሰሶውን የሚሠራው ግንበኛ ነው። መዝጊያውን የሚሠራው በያጅ ነው። ግንበኛው ምሰሶውን አቁሞ ሲሄድ በያጁ ገና አልተቀጠረም፤ በያጁ ሲመጣ ግንበኛው የለም። የመዝጊያውን ክብደት የሚያውቀው ሰው ምሰሶውን አይወስንም፤ ምሰሶውን የሚወስነው ሰው የመዝጊያውን ክብደት አይጠየቅም። በሁለቱ ሙያዎች መካከል ያለው ድንበር ትክክል ማጠፊያው ላይ ያልፋል፤ በሩ የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው። በእኔ አመለካከት ይህ ከብየዳ ጥራት ጉድለት የበለጠ ችግር ነው። በያጆቻችን ባይሠሩት ኖሮ ማንም የማይሠራውን ሥራ የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው፤ ጥፋቱ የሥራ ሥዕል ይዘን በሁለቱ መካከል ያልቆምነው የእኛ የመሐንዲሶቹ ወገን ነው።

ክፍያውም አይረዳም። ሥራው በኪሎ ከተከፈለ ክብደት ትርፍ ይሆናል። በካሬ ከተከፈለ ምሰሶው ከሒሳቡ ውጭ ይቀራል። ባለቤቱም ከባድ በር ጠንካራ በር ነው ብሎ ስለሚያምን መዝጊያውን በጡጫ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል።

ክብደት በእርግጥ እንዴት ያለ ጠላት እንደሆነ ለመረዳት ወደ ፓናማ ቦይ ላፍታ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1914 የተከፈተው ቦይ የመቆለፊያ በሮች፣ እያንዳንዱ መዝጊያ 20 ሜትር ያህል ስፋትና 2 ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ግዙፍ የብረት አካል ነው፤ ከባዶቹ ከ600 ቶን በላይ ይመዝናሉ። መሐንዲሶቹ ያደረጉት መዝጊያውን ክፍት ሆድ ያለው አድርገው መሥራት ነበር፤ ውሃው ወደ ላይ ስለሚያነሣው ማጠፊያዎቹ ላይ የሚያርፈው ጭነት በብዙ ይቀልላል። እኛ የሚያነሣልን ውሃ የለንም። ያለን አማራጭ ብረቱን ከጫፉ ቀንሶ ወደ ማጠፊያው ማቅረብ ነው። በነፃው ግማሽ ላይ 1.5 ሚሊ ሜትሩን ላሜራ በ1 ሚሊ ሜትር ብንተካ የሚቀንሰው 17 ኪሎ ብቻ ነው፤ ነገር ግን በ3 ሜትር ክንድ ላይ ያለ 17 ኪሎ ስለሆነ ከጠቅላላው ሞመንት 11 በመቶ ይወስዳል። የጫፉን ቋሚ በ60 በ40 በ2 ቱቦላሬ መተካትም እንዲሁ 4 በመቶ ይጨምርልናል። ከባዱን ብረት በማጠፊያው በኩል፣ ቀላሉን በጫፉ በኩል አድርጉ።

ስለ ነፋስ አጭር ነገር ልናገር። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ የሳሳ ቢሆንም፣ በሰከንድ 25 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሙሉ በሙሉ በላሜራ በተሸፈነው መዝጊያችን ላይ 3.4 ኪሎ ኒውተን ገደማ ያሳርፋል፤ ከራሱ ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ስለዚህ ተዘግቶም ተከፍቶም በመሬት መቀርቀሪያ መያዝ አለበት። ማቆሚያውን የት እንደምትተክሉም አስቡ። ብዙ ጊዜ ከምሰሶው አጠገብ ይተከላል፤ ነፋስ ሲያላጋው ማቆሚያው እንደ መፈልቀቂያ ሆኖ ማጠፊያውን ይነቅለዋል። ወጥ ለሆነ መዝጊያ ትክክለኛው ቦታ ከማጠፊያው የስፋቱ ሁለት ሦስተኛ ላይ ነው፤ ለ4 ሜትር ስፋት 2.67 ሜትር ላይ። እዚያ ሲመታ ማጠፊያው ላይ የሚደርሰው ንውጽታ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ተማሪዎች የፐርከሽን ማዕከል ብላችሁ በዳይናሚክስ የተማራችሁት ነው።

ማጠፊያዎቹን በሚመለከት አንድ ሕግ ይበቃል፦ ክብደቱን አንድ ማጠፊያ ብቻ ይሸከም፣ እርሱም የታችኛው ይሁን። የታችኛው ጫፍ በኩሽኔታ ላይ ወይም ቅባት በያዘ ጽዋ ውስጥ ባለ የብረት ኳስ ላይ ይረፍ። የላይኛው አግድም ኃይልን ብቻ ይያዝ፤ በጥርስ ባለው ብሎን ወደ ምሰሶው የሚቀርብና የሚርቅ ቢሆን ከዓመት በኋላ የሚመጣውን ጥቂት መውረድ በመፍቻ ማረም ይቻላል። ሦስተኛ ማጠፊያ መጨመር የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሦስት ቀዳዳዎች በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ካልዋሉ መዝጊያው በተንቀሳቀሰ ቁጥር እርስ በርስ ይፋጫሉ። ሁሉም ማጠፊያዎች ወደ ላይ ከቆሙ ደግሞ መዝጊያው ከሥሩ በክሪክ ወይም በመኪና ግጭት ተነሥቶ ሊወጣ ይችላል። ከላይኛው ማጠፊያ በላይ አንድ ቁራጭ ብረት በይዶ መነሣቱን መከልከል የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህችን ቁራጭ ብረት አስታውሱ፤ የሰው ሕይወት የሚያድነው እርሷ ናትና።

ወደ አሠራሩ ስንመጣ፣ ፍሬሙ የሚገጠመው ደረጃው በሊቤላ በተረጋገጠ ጠረጴዛ ላይ ነው። አራቱ ማዕዘኖች በነጥብ ብየዳ ከተያዙ በኋላ ሁለቱ ሰያፎች ይለካሉ፤ የእኛው ፍሬም ሰያፍ 4.565 ሜትር ነው፣ በሁለቱ መካከል ከ2 ሚሊ ሜትር የበለጠ ልዩነት ካለ ወደፊት አትሂዱ። ከዚያ ብየዳው በተቃራኒ ማዕዘኖች እየተፈራረቀ ይሄዳል። ላሜራውን ከዳር እስከ ዳር ያለማቋረጥ መበየድ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያሸበሽበዋል። 3 ሴንቲ ሜትር በይዶ 15 ሴንቲ ሜትር እየዘለሉ፣ ከመሐል ወደ ጫፍ መሄድ ይበቃል። ላሜራው ከመለጠፉ በፊት የሚሸፈነው የቱቦላሬ ገጽ አንቲረስት መቀባት አለበት፤ ከተለጠፈ በኋላ ብሩሽ አይደርስበትም። ከታችኛው አግድም ሥር ደግሞ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ይበሱ፤ ቱቦላሬ የሚበሰብሰው ብዙ ጊዜ ከውስጥ ነው፣ እኛም የምናውቀው ቀለሙ ሲያብጥ ነው።

የመጨረሻው ሥራ መስቀል ነው። ከስሌታችን ጫፉ 14 ሚሊ ሜትር እንደሚወርድ ካወቅን፣ ሲሰቀል 15 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ እንዲታይ እናደርገዋለን። ባለቤቱ ተጣሟል ብሎ ሊቆጣ ይችላል፤ ጠመኔ አውጥታችሁ ስሌቱን ምሰሶው ላይ ጻፉለት። መዝጊያው በሙሉ ክብደቱ ሲያርፍ ጫፉ ከመሬት ያለውን ርቀት ለክታችሁ መዝግቡ። ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ተመልሳችሁ ለኩ። ለውጡ የታየው በማጠፊያዎቹ መስመር መዘንበል ላይ ከሆነ ቱንቢ ይነግራችኋል፤ በሰያፎቹ ላይ ከሆነ ሜትር ይነግራችኋል። የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች በመጪው ሴሚስተር በወርክሾፓችን የሚሠሩት የ4 ሜትር መዝጊያ በዚሁ መንገድ ይለካል፤ ምሰሶውንና መሠረቱን የሚሠሩት የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎች ናቸው፤ የሁለቱም ቡድን ስም በአንድ የሥራ ሥዕል ላይ ይሰፍራል። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።